ወንፈል በኮምፒውተር ክፍል

እኔ ስልጠና አልወድም። ይህን የምለው ደግሞ ራሴ አሰልጣኝ ሆኜ ነው። በእኛ የሙያ ኮሌጆች መምህር የሚባል የለም፤ አስተማሪው አሰልጣኝ፣ ተማሪው ሰልጣኝ ነው። በየክረምቱ «የአሰልጣኞች ስልጠና» ተብሎ ደብረ ብርሃን ስንጠራ ሥነ ሥርዓቱን ገና ከቤቴ ሳልወጣ አውቀዋለሁ። የመክፈቻ ንግግር፣ ሻይ፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ የሚበራ ጽሑፍ። ጽሑፉን አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልናል፤ እኛም ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው ቁጭ ብለን እንሰማለን። በመጨረሻ ፎቶ እንነሣና የምስክር ወረቀታችንን ይዘን እንበተናለን። የእኔን መሳቢያ ከፍቶ ያየ ሰው «ይህች ሴትዮ ጉደኛ ባለሙያ ናት» ቢል አይፈረድበትም።

የዚያን ክረምት ግን ጥሪው እስኪደርሰኝ አልጠበቅሁም፤ ራሴ ደውዬ ስሜን አስመዘገብኩ። ጨንቆኝ ነበር።

የምሠራው አንኮበር ነው። ኮሌጃችን ትንሽ ናት፤ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍሉ አሰልጣኝም፣ ኃላፊም፣ ቁልፍ ያዥም እኔው ነኝ። ዕቃ ግምጃ ቤታችን ውስጥ በእርዳታ የመጡ ኮምፒውተሮች ከነካርቶናቸው ተደርድረው ከርመዋል። ኮምፒውተሮቹ ሲመጡ ክፍሉ መብራት አልነበረውም። መብራቱ ሲገባ የኔትወርክ ገመድ ጠፋ። ገመዱ ሲገዛ ደግሞ መግጠሚያ መሣሪያው ተረሳ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ያን ሁሉ ኮምፒውተር በር ቆልፌበት ከሁለት አሮጌ ማሽኖች ጋር ዓመታት ገፋሁ።

ታዲያ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ኔትወርክን በጠመኔ አስተማርኩ። የኔትወርክ ገመድ ሆዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ባለቀለም ሽቦዎች አሉ። ሥራው ሽቦዎቹን በቅደም ተከተላቸው ደርድሮ ኮኔክተር በምትባል የጣት ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያም ክሪምፐር በሚባለው ጉጠት መጭመቅ ነው። ኮኔክተሯን ሰሌዳው ላይ የመስኮት ያህል አሳድጌ ሣልኳት። ቡናማ ጠመኔ ስላልነበረን ነጩን በሸክላ ዱቄት አሸሁት። በሽቦ ፋንታ የሹራብ ክር ገዛሁ፤ ሰልጣኞቼ ስምንቱን ክር በተራው ደርድረው በስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ማሾለክ ነበረባቸው። ክር ደግሞ ይልመጠመጣል እንጂ እንደ ሽቦ አይታዘዝም። ጣታቸው እስኪለምድ አስለቀስኳቸው። «ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ…» እያሉ በግቢው ሲያልፉ የሌላ ክፍል ሰዎች ይስቁብን ነበር። ይሳቁ። እኔ በልጆቼ አላፍርም።

ሰኔ ላይ ዲናችን ጠራኝና ከላይ የወረደውን ውሳኔ ነገረኝ። ደግ ሰው ነው፤ ዐይን ዐይኔን እያየ መናገር አቅቶት ስክሪብቶውን ያሽከረክራል። ነሐሴ ውስጥ ተቆጣጣሪ ይመጣል። የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል የሌለው ኮሌጅ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርቱ ይዘጋል፤ ሰልጣኞቹ ወደ ደብረ ብርሃን ይዛወራሉ።

«ደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም እኮ» አለኝ፣ ሊያጽናናኝ።

«ለአንተ አይደለም» አልኩት።

ለማን ሩቅ እንደሆነ አውቅ ነበር። ከሰልጣኞቼ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከታች ከቆላው ዳገቱን ወጥተው የመጡ። ከሁሉም ፈጣኗ የአንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት። ሳምንቱን እዚህ አክስቷ ቤት ታድርና የዕረፍት ቀን ሲሆን ቁልቁል ትወርዳለች። ወሬው ከተሰማ በኋላ በመጀመሪያው የገበያ ቀን አባቷ ኮሌጁ ድረስ መጡ።

«እህቴ» አሉኝ፣ «ልጄ እኅቴ ቤት ነው ያለችው እያልኩ ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚወስደኝ። ደብረ ብርሃን ማን አለኝ? ሴት ልጅ ለብቻዋ ቤት ተከራይታ? ወላሂ አይሆንም። ይኼ ከተዘጋ የተማረችው ይብቃት።»

ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ደሜ ፈላ። በእሳቸው አይደለም፤ እንደ አባት ነው የተናገሩት። ደሜ የፈላው በእነዚያ ካርቶኖች ነው። የእሷን ዓይነት ጣት ያላት ልጅ በካርቶን ምክንያት ቤቷ ልትቀር ነው!

ስልጠናውን እንዲሰጠን የተመደበው ሰው ከአብዛኞቻችን በዕድሜ የሚያንስ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ የሚቆልፍ ቀጭን ወጣት ነበር። ስለ መቆለፉ አልፈረድኩበትም፤ ክረምትና ደብረ ብርሃን ሲገናኙ አጥንት ድረስ ነው የሚገቡት። በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ አጠፋና «ይህን ሁላችሁም ማንበብ ትችላላችሁ። ይልቅ ኮሌጃችሁ ውስጥ ያቃታችሁን ንገሩኝ» አለን። የስልጠና አዳራሽ ውስጥ ሰው ስወድ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁላችንም ተነፈስን። ስልጠና ላይ ስም ማን ይይዛል፣ እርስ በርስ የምንጠራራው በመጣንበት አገር ነው። የደብረ ሲናዋ የከባድ መኪናው አቧራ ማሽኖቿን አንድ በአንድ እንደፈጀባት ነገረችን። የደነባው ደግሞ ኮምፒውተሮቹ በቫይረስ ተበልተው ብቻውን መልሶ ሊያቋቁማቸው እንዳልቻለ ተናገረ። እሱ ጸጉሩ የሸበተ፣ ከታይፕ መኪና ዘመን ጀምሮ ያስተማረ፣ ቅዳሜና እሁድ የአባቱን መሬት የሚያርስ ሰው ነው። የእኔን ካርቶኖች ከሰማ በኋላ እጁን አነሣ።

«ይሄ እኮ የወንፈል ሥራ ነው» አለ። «ጤፍ ሲደርስ ምንድን ነው የምናደርገው? ዛሬ ሁላችን ያንተን እናጭዳለን፣ ነገ ሁላችን የኔን። ብቻህን እጨዳለሁ ካልክ በረዶ ይቀድምሃል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንድ ኮሌጅ እየሄድን ለምን ሠርተን አንወጣም?»

ወንፈል ገንዘብ አያውቅም። ባለሥራው ያበላል፣ ያጠጣል፤ የተበደረውን ጉልበት ደግሞ ቀኑ ሲደርስ በጉልበቱ ይመልሳል። ሳይመልስ የቀረ ሰው በአገሩ ቀና ብሎ መሄድ ይቸግረዋል። ይህን ለመረዳት ማናችንም ስልጠና አላስፈለገንም። አሰልጣኛችንም ወደደውና የስልጠናውን የተግባር ክፍል ወንፈል አደረገው። በዚያን ዕለት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያላለ ሰው አልነበረም፤ የኔትወርክ ሰዎች ይችን ተረት ካገኘን አንለቃትም። ተራው በዕጣ ይሁን ሲባል የደብረ ሲናዋ ቆጣ ብላ «የሚቃጠል ቤት ዕጣ አይጠብቅም፤ አንኮበር ትቅደም» አለች። ተነሥቼ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

በዚያው ሳምንት እውነተኛ ክሪምፐር ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ያዝኩ። አንድ ገመድ ወስጄ ሁለቱንም ጫፍ ገጠምኩ። ቴስተር የሚባል ባለ ሁለት ክፍል መሞከሪያ አለ፤ አንዱን ክፍል ከገመዱ አንድ ጫፍ፣ ሌላውን ከሌላኛው ጫፍ ትሰኩታላችሁ፤ ገመዱ ደኅና ከሆነ የሁለቱም መብራቶች ከአንድ እስከ ስምንት በተራ አብረው ይበራሉ። የእኔ በሩ። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድሜ የጨረስኩትም እኔ ነበርኩ። ደስታዬን አልደበቅኩም፤ ገመዱን እንደ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አጥልቄ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

የአንኮበር ቅዳሜ ደረሰ። ፍልሰታ ነበር፣ ባለሥራዋም እኔ ነኝና ሽሮውን፣ የባቄላ ንፍሮውን፣ ተልባውን አዘጋጅቻለሁ፤ ለሚጠጣ ጠላ፣ ለማይጠጣ ብርዝ። ጉሙ አፋፉ ላይ ተኝቶ ስለነበር እንግዶቹንና ክሪምፐሮቻቸውን የያዘው ሚኒባስ በቀን መብራቱን አብርቶ ገባ። ሰልጣኞቼም፣ ከዚህ በፊት ያስመረቅኳቸውም መጡልኝ። ካርቶን ተቀደደ፣ ጠረጴዛ ተደረደረ፣ ገመድ ተዘረጋ። ሥራውን ተከፋፈልን፤ እንግዶቹ ስዊች በሚባለው፣ ገመዶቹ ሁሉ በሚሰበሰቡበት ሳጥን በኩል ያለውን ጫፍ ይገጥማሉ፤ ልጆቼ ደግሞ በኮምፒውተሮቹ በኩል ያለውን።

ያን ጊዜ ልጆቼን ማየት ነበር። እንግዶቹ አንዱን ጫፍ አስተካክለው ሳይጨርሱ እነሱ ወደሚቀጥለው አልፈዋል። የነጋዴው ልጅ ሽቦዎቹን በጣቷ ቀጥ አድርጋ እያስተኛች «ሽቦማ ምን አላት ቲቸር፣ እንደ ክር አትልመጠመጥም!» ትለኛለች። የደነባው ሥራውን አቁሞ ቆሞ ቀረ።

«እነዚህን ልጆች ምን አብልተሽ ነው ያሳደግሻቸው?» አለኝ።

«ሹራብ» አልኩት።

ገመዱ ሁሉ አለቀና የመጀመሪያው ኮምፒውተር ተከፈተ። ኔትወርኩን አላገኘውም። ሁለተኛው ተከፈተ፤ እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ስዊቹ ተበላሽቶ ይሆናል ተባለና ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የደብረ ሲናዋ ቴስተሩን አውጥታ አንዱን ገመድ ሞከረች። መብራቶቹ በሩ፤ ግን በአንዱ ጫፍ ከአንድ ወደ ስምንት ሲሄዱ በሌላው ከስምንት ወደ አንድ ይመለሳሉ።

«ኧረ ጉድ እዩ!» አለች። «አንደኛው ወደ አንኮበር ሲወጣ ሌላኛው ወደ አልዩ አምባ ይወርዳል!»

ከሁለቱ ወገን አንዱ ገልብጦ ነው የገጠመው ማለት ነው። ለእንግዳ ክብር ስል አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ አልያዝኩም። «የኔ ልጆች ቅደም ተከተሉን በእንቅልፋቸውም አይስቱት፤ እናንተ የራሳችሁን ጫፍ እዩ» አልኩ። አሰልጣኛችን ከአንዱ ካርቶን ውስጥ ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣ ገመድ አወጣና ከሁለቱም ወገን ሥራ አጠገብ አጋደመው። የእንግዶቹ ከፋብሪካው ጋር አንድ ነው፤ የተገለበጠው የእኛ ነበር።

ኮኔክተር ሆድና ጀርባ አላት፤ ምላስ የምትመስል መቆለፊያ ያለችበት ጀርባዋ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚቆጠረው ሆዷን ወደ ራስ አድርጎ ነው። እኔ ግን ሰሌዳው ላይ የሣልኳት በጀርባዋ ነበር፤ ምላሷ ለክፍሉ በደንብ ትታይ ብዬ። ከዚያም በጀርባዋ በኩል ከግራ ቆጠርኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ያልታወቀብኝ ሁለቱንም ጫፍ ራሴ ስለገጠምኩ ነው። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ከተገለበጠ ገመዱ ይሠራል። የተገለበጠው ካልተገለበጠው ጋር ሲገናኝ ነው ነገር የሚበላሸው።

ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። በገዛ ሰልጣኞቼ ፊት! የደነባው መጀመሪያ ሊያምቀው ሞከረ፣ ከዚያ አቃተውና ሳቁን ለቀቀው፤ የደብረ ሲናዋም ተከተለች። ሳቅ ያልነካው አሰልጣኛችን ብቻ ነበር። እሱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየሄደ ልጆቼ የገጠሙትን ጫፍ አንድ በአንድ አገላብጦ ያያል። ሲጨርስ ወደ እኔ መጣ።

«አንድ ልጅ እንኳን ከሌላው የተለየ አልገጠመም» አለኝ። «ዘንድሮ የተማረውም፣ ከዓመታት በፊት የተመረቀውም፣ ሁሉም ልክ ሰሌዳዎ ላይ እንዳለው ነው። እኔ እውነተኛ ሽቦ እየሰጠሁ ሳስተምር ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ገጥሞልኝ አያውቅም። እርስዎ ያስተማሩት በእጃቸው ላይ ቀርቷል።»

ይህን ሲለኝ የነደደው ፊቴ ቀዘቀዘ፤ ከዚያም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደረቴ ተነፋ። አንዲት ኮኔክተር ገልብጬ ይሆናል። ማስተማር ግን አስተምሬያለሁ።

የኩራት ጊዜ ግን አልነበረም። ተቆጣጣሪው ሰኞ ጠዋት ይመጣል። የተገጠመ ኮኔክተር አይፈታም፤ ተቆርጦ ይጣላል እንጂ። የልጆቼ ጫፍ ሁሉ ተቆርጦ በአዲስ መገጠም ነበረበት፤ የተረፈን ኮኔክተር ደግሞ ልክ ለዚያው የሚበቃ ነው። አንድ የተበላሸ እንደሆነ ምትክ የለውም፤ ደብረ ብርሃን ያለው ሱቅም እሁድ ዝግ ነው። አሰልጣኛችን «ይህንን ሥራ ልምድ ያለን እኛ እንግዶቹ ብንይዘው ይሻላል» አለ። ንግግሩ ትክክል ነበር። ግን ሰኞ እንግዶቹ የሉም፤ ተቆጣጣሪው የሚያገኘው እነዚህን ልጆች ነው።

«የለም» አልኩ። «የገጠሙት ናቸው የሚገጥሙት።»

ሰሌዳውን ጠረግሁና ኮኔክተሯን በሆዷ በኩል ሣልኳት። ረጅም ንግግር አላደረግሁም። «እስከ ዛሬ የነገርኳችሁ ቅደም ተከተል ልክ ነው፤ ኮኔክተሯን ግን አዙሩ» ብቻ አልኳቸው። የነጋዴው ልጅ ኮኔክተሯን አንሥታ በጣቶቿ መካከል አገላበጠቻትና «ሆዷን ወደኛ፣ ከግራ» አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ጉጠቱን ጨመቀች። ቴስተሩ ተሰካ፤ መብራቶቹ በሁለቱም ጫፍ አብረው ከአንድ ወደ ስምንት ሄዱ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም የሚቀጥለውን ያያል።

አንድም አልተበላሸም። ያን የሚያህል ዓመት በክር የተቀጣ ጣት እንዴት ይሳሳታል! የመጨረሻዋ ኮኔክተር ስትጨመቅ የኮኔክተሮቹ ካርቶን ባዶ ነበር፣ ስዊቹ ላይ ደግሞ አረንጓዴ መብራቶች ከዳር እስከ ዳር ይርገበገቡ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሰው የጮኸው። የደነባው ጠላውን ይዞ «በሉ ለእነዚህ የሹራብ መሐንዲሶች!» አለ። እኔ ንፍሮ ላቀርብ ነው ብዬ ወጣሁና ከበሩ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። የደስታ ነበር።

ሰኞ የመጣው ተቆጣጣሪ ቁጥብ ሰው ነበር። ማሽኖቹን አስከፈተ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ፋይል አስላከ። ከዚያ ዲናችን እያየው ከአንዱ ኮምፒውተር ጀርባ ያለውን ገመድ ነቀለና የነጋዴውን ልጅ «ይኼን የገጠመው ማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። «እኔ ነኝ» አለች። «ለምን በዚህ በኩል ቆጠርሽ?» አላት። ሆድና ጀርባውን፣ ከፋብሪካ የመጣው እንዴት እንደሆነ፣ ሁለት ጫፍ ሳይስማማ ሲቀር ቴስተሩ ምን እንደሚያሳይ ስታስረዳው እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ከንፈሬን ነከስኩ። ስሕተቱ ባያጋጥመን ኖሮ ይህን መልስ ከየት ታመጣው ነበር? ሰውየው ገመዱን መልሶ ሰካና ወደ ዲናችን ዞሮ «ትምህርቱ ይቀጥላል» አለ። ዲናችን እጄን ይዞ ሊለቀኝ አልቻለም።

ቀጣዩ ቅዳሜ የደነባ ወንፈል ነበር። የደነባው በሳምንቱ አጋማሽ ደወለልኝ። «አንቺ ብትመጪም ባትመጪም ግድ የለኝም» አለኝ፣ «ያችን ፈጣን ልጅና ጓደኞቿን ነው የምፈልገው። ጉልበቴን ያበደርኩት ለእነሱ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ደነባ ከደብረ ብርሃንም ያልፋል፤ ውሎ መመለስ የለም፣ ታድራለች። አባትየው ያሉኝን አልረሳሁም። ለገበያ ሲመጡ መሐል ላይ አገኘኋቸውና ነገሩን ከሩቅ ጀመርኩት፤ ማደሪያው ከደነባው ሚስት ጋር እንደሆነ፣ እኔም አብሬ እንደምሄድ፣ ሁለት ጓደኞቿም እንደሚኖሩ።

«እነዚያ ሰዎች መጥተው ሠርተውልሻል?» አሉኝ።

«ሠርተውልኛል።»

«ልጄም እንዳትቀር ነው የሠሩት?»

«እሷም እንዳትቀር ነው።»

«እና ምን ትለምኚኛለሽ?» አሉ፣ ሊቆጡኝ ትንሽ ቀርቷቸው። «የወንፈል ብድር ያለበት ሰው ቤቱ ይተኛል እንዴ? ኢንሻ አላህ ትሄዳለች።»

በጉዞው ማለዳ ሚኒባሱ ጋ ስደርስ ቀድመውኝ ቆመዋል፤ ዋዜማውን ዳገቱን ወጥተው እኅታቸው ቤት አድረው ነበር። የልጃቸውን ቦርሳ ራሳቸው ይዘዋል። ረዳቱ ቦርሳውን ሊቀበላቸው እጁን ዘርግቶ «አባባ፣ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት?» አላቸው።

«ልጄ ናት» አሉት፣ ሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ደነባ ኮሌጅ ኮምፒውተሩ አቅቷቸው እሷን አስጠሯት።»

እኔ ከኋላ ወንበር ገብቼ ተቀምጫለሁ። አብሬ የምሄደው አሰልጣኟ እኔ መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም።